ላዩ ሌላ፣ ውስጡ ሌላ፦ ጭብጥ ያለው የአማርኛ መስቀለኛ ቃላት አሠራር

መስቀለኛ ቃላት እንደማዘጋጅ የሚያውቁ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሡብኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ቃላቱን ማቆራረጡስ ገብቶናል፤ መልሶቹ ሁሉ በአንድ ሐሳብ የሚተሳሰሩበት፣ ፍንጩም መልሱን ፊት ለፊት የማይናገርበት ጨዋታ ግን እንዴት ይሠራል?» ይላሉ። ለእያንዳንዱ ሰው በቃል ሳስረዳ ሁልጊዜ አንድ ነገር ስለምዘነጋ፣ አሠራሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ምሳሌ እነሆ ጽፌዋለሁ።

ለምሳሌ የመረጥኩት ጭብጥ የውጭ ገጽታ ነው፤ ማለትም ላዩ አንድ ነገር እየመሰለ ውስጡ ሌላ ነገር የያዘ ቃል። ይህን ጭብጥ የመረጥኩት ለጀማሪ ስለሚመች ነው። ሰምና ወርቅ ያውቃል የሚባል አንባቢ ከላይ የሚታየውን ትርጉም ትቶ ከሥር ያለውን መፈለግ አዲስ አይሆንበትም፤ እርስዎም የጨዋታውን ሕግ ለማስረዳት ገጽ አይፈጁም። መመሪያውን ተከትለው ሲጨርሱ በጎን 6፣ በቁመት 7 ሳጥን የሆነ፣ አራት የጭብጥ ቃላትና አንድ ቁልፍ ቃል ያለው ጨዋታ በእጅዎ ይኖራል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር። መስመር ብቻ ያለው ደብተር ፊደላቱን በቁመት ስለማያስተካክል ስህተት ያበዛል።
- እርሳስና ላጲስ። በእስክሪብቶ አይጀምሩ፤ አንድ ሠንጠረዥ እስኪገጥም ድረስ ብዙ ጊዜ ይፋቃል።
- የአማርኛ መዝገበ ቃላት። ዋና ጥቅሙ ቃል ለመፈለግ ሳይሆን የፊደል አጻጻፍ ክርክርን ለመዝጋት ነው።
- ኮምፒውተር ወይም ስልክ ካለዎት፣ ብዙ ቃላት የተጻፉበት የአማርኛ ፋይል። እያንዳንዱ ፊደል በኮምፒውተር ራሱን የቻለ አንድ ምልክት ስለሆነ፣ በፍለጋ ሳጥኑ ውስጥ «ካባ» ብለው ቢጽፉ «ካባ»ን በሆዱ የያዘ ቃል ሁሉ ይወጣልዎታል።
- ጨዋታውን የሚሞክሩልዎ ሁለት ሰዎች። ይህ ለጌጥ የተጨመረ አይደለም፤ በ9ኛው ደረጃ ያለ እነርሱ መሄድ አይቻልም።

1. ጭብጡን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ

ደብተሩን ከመክፈትዎ በፊት የጭብጡን ሕግ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስቀምጡ። የእኔ እንዲህ ይላል፦ «እያንዳንዱ የጭብጥ ቃል በመካከሉ የአንድ ልብስ ስም ደብቋል።» ልብስ ሁልጊዜ ከላይ የሚታይ፣ ሌላውን የሚሸፍን ነገር ነው፤ እዚህ ግን ራሱ ተሸፍኖ ይገኛል፤ የጨዋታው ቅመም ይኸው ነው።

ይህን መጻፍ ለምን ያስፈልጋል ቢሉ፣ ሕጉ ካልተጻፈ ቃል ባጠረዎት ቁጥር ሕጉን ራስዎ ስለሚያላሉት ነው። «ልብስ» ብለው የጀመሩት ጌጥ ይሆናል፤ ጌጡ ቀለም ይሆናል፤ በመጨረሻም ፈቺው አራቱን ቃላት ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያገናኛቸውን ነገር ያጣል።

2. የሚደበቁትን ቃላት ይዘርዝሩ፣ የሚደብቁትን ይፈልጉ

በአንድ ገጽ ላይ አጫጭር የልብስ ስሞችን ወደ ታች ይደርድሩ፦ ካባ፣ ኮት፣ ጋቢ፣ ሸማ፣ ኩታ፣ ሱሪ፣ ሻሽ፣ ቆብ፣ ጫማ፣ ካልሲ። ሁለት ፊደል ያላቸውን ያስቀድሙ። ሦስት ፊደል ያለውን ስም በሌላ ቃል ውስጥ ሳይለወጥ ማግኘት በጣም ስለሚከብድ፣ «ቀሚስ»ና «ነጠላ» ላይ አንድ ሙሉ ከሰዓት ማባከን አያስፈልግም።

ከዚያ ከእያንዳንዱ ስም ፊትና ኋላ ፊደል እየጨመሩ ጮክ ብለው ያንብቡ። እኔ ስሞክረው የወጡልኝ እነዚህ ናቸው፦ አካባቢ (ካባ)፣ መስኮት (ኮት)፣ ስኮትላንድ (ኮት)፣ ጋቢና (ጋቢ)፣ ተጋቢዎች (ጋቢ)፣ ሸማች፣ ሸማቂ፣ ሸማኔና አሸማጋይ (ሸማ)፣ መጫማት (ጫማ)፣ ካልሲየም (ካልሲ)፣ ኩታ ገጠም (ኩታ)፣ እኩልነት (ኩል)።

ማስጠንቀቂያ፦ ዓይን እዚህ ላይ ያታልላል። «ሽማግሌ» የሚለው ቃል «ሸማ»ን የያዘ ይመስላል፤ ግን ፊደሉ «ሽ» እንጂ «ሸ» አይደለም። «መሻሻል»ም «ሻሽ» ያለበት ይመስላል፤ ያለው ግን «ሻሻ» ነው። በላቲን ፊደል የሚጫወቱ ሰዎች አናባቢውን ለብቻው ስለሚጽፉ ይህ ችግር የለባቸውም፤ በእኛ ፊደል ግን አናባቢው ከፊደሉ ቅርጽ ጋር አብሮ የተሠራ ስለሆነ፣ እያንዳንዱን ፊደል በጣትዎ እየነኩ ካልቆጠሩ በስተቀር ስህተቱ የሚታይዎት ጨዋታው ከታተመ በኋላ ነው።

3. ቃላቱን በሦስት ወንፊት ያጥሩ

የመጀመሪያው ወንፊት የሥር ዝምድና ነው። «መጫማት» ውስጥ «ጫማ» አለ፤ ነገር ግን መጫማት ማለት ጫማ ማድረግ ስለሆነ የተደበቀ ነገር የለም። «ሸማኔ»ም ሸማ የሚሠራ ሰው ነው፤ «ኩታ ገጠም»ም ጎን ለጎን የተጋጠመ ኩታን የሚያስታውስ ነው። እነዚህ ይወድቃሉ። ፈቺው የሚደሰተው ከልብስ ጋር ምንም ጉዳይ በሌለው ቃል ውስጥ ልብስ ሲያገኝ ብቻ ነው። ስለ ዕርቅ እያሰበ «አሸማጋይ» ብሎ ጽፎ፣ ቆይቶ «ሸማ»ን ሲያየው ማለቴ ነው።

ሁለተኛው ወንፊት ቦታ ነው። «በመካከሉ» ብለን ጽፈናልና የልብሱ ስም በሁለቱም በኩል በሌላ ፊደል መሸፈን አለበት። «ጋቢና» የምወደው ቃል ነበር፤ የመኪና የፊት ወንበር ጋቢ ለብሶ መታየቱ ያስቃል። ዳሩ ግን ጋቢው በመጀመሪያው ላይ ፊቱን አውጥቶ ይታያል። «ካልሲየም»፣ «ሸማች»ና «ሸማቂ»ም እንደዚሁ ናቸው፤ «መስኮት» ደግሞ በመጨረሻው ተጋልጧል።

ሦስተኛው ወንፊት ዓይነት ነው። «እኩልነት» ውስጥ ያለው «ኩል» የዓይን ጌጥ እንጂ ልብስ አይደለም። በሁለቱም በኩል በሚያምር ሁኔታ ተሸፍኗል፤ ቢሆንም ይወድቃል።

የቀሩት አራት ናቸው፦ አካባቢ፣ አሸማጋይ፣ ተጋቢዎች፣ ስኮትላንድ። አራት ለትንሽ ጨዋታ ይበቃል። ከሦስት ካነሰ ፈቺው ጭብጥ መኖሩን አይጠረጥርም፤ መገጣጠም ይመስለዋል።

4. ቁልፍ ቃሉን ይምረጡ

ቁልፍ ቃል ማለት ሌሎቹ መልሶች ምን እንደሚያመሳስላቸው የሚገልጥ መልስ ነው። ያለ እርሱ ጨዋታው ተፈትቶ ያልቃል፣ ጭብጡ ግን ሳይታይ ይቀራል። ጥሩ ቁልፍ በዕለት ተዕለት ትርጉሙ ሌላ ነገር ሆኖ፣ ቃል በቃል ሲነበብ የጨዋታውን ሕግ የሚናገር መሆን አለበት።

ለእኛ ጭብጥ ያለው «የውስጥ ልብስ» ነው። ሰው ሲሰማው ሱቅ የሚሸጠውን ያስባል፤ ቃል በቃል ሲያነበው ግን በውስጥ ያለ ልብስ ማለት ሆኖ ያገኘዋል። ፊደሎቹ 4 እና 3፣ በድምሩ 7 ናቸው። ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለመስጊድ መጽሔት የሚያዘጋጁ ከሆነ አርታዒው ፊቱን ሊያጨፈግግ ይችላል፤ ያኔ ምስጢሩ ከውስጥ የሚደበቅበት የቅኔ ዓይነት የሚጠራበትን «ውስጠ ወይራ»ን (3 እና 3) መጠቀም ይቻላል። ልብስን በስሙ ስለማይጠራ ግን ቁልፍነቱ ይደክማል፤ እኔ ከአርታዒው ጋር መከራከሩን እመርጣለሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ቁልፉ ውስጥ ያለ ቃል በሌላ መልስ ወይም ፍንጭ ውስጥ ሊደገም አይገባም። «ልብስ» የሚለው ቃል ከቁልፉ በስተቀር በጨዋታው የትም መታየት የለበትም።

5. የፊደል አጻጻፉን አስቀድመው ይወስኑ

ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ነው። «ፀሐይ»ን አንዱ ፈቺ በ«ፀ»፣ ሌላው በ«ጸ» ይጽፋል፤ ያ ሳጥን በሌላ ቃል ከተቆረጠ አንዳቸው ሳያጠፉ ይሳሳታሉ። መፍትሔው ሁለት ነው። አንዱ «በዚህ ጨዋታ ሞክሼ ፊደላት እንደ አንድ ይቆጠራሉ» ብሎ ከሠንጠረዡ አናት ላይ መጻፍ ነው፤ ሌላው፣ የተሻለውም፣ ሞክሼ ፊደል በመገናኛ ሳጥን ላይ እንዳይወድቅ ማድረግ ነው። «አ» ግን በቃል መጀመሪያ ላይ እጅግ ስለሚበዛ ሙሉ በሙሉ መሸሽ አይቻልም፤ «አካባቢ»ንም ሆነ «አሸማጋይ»ን በ«ዐ» የሚጽፍ ሰው ስለማያጋጥም በእኛ ምሳሌ አያሰጋም።

6. ሠንጠረዡን ያዋቅሩ

ብዙ ጀማሪ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ነው፤ ምክንያቱም የእንግሊዝኛውን ሠንጠረዥ እንዳለ ለመቅዳት ይሞክራል። የኒው ዮርክ ታይምስ የዘወትር ጨዋታ በጎንም በቁመትም 15 ሳጥን ነው፤ ከሦስት ፊደል ያነሰ ቃል አይቀበልም፤ እያንዳንዱ ፊደልም በሁለት አቅጣጫ ቃል መሥራት አለበት። ይህ የሚቻለው 26 ፊደል ብቻ ስላላቸው ነው። እኛ 33 ፊደል በሰባት ቅርጽ፣ ማለትም 231፣ ዲቃሎቹ ሲጨመሩ ደግሞ ከዚያ በላይ ስላለን፣ ሁለት ቃላት አንድ ዓይነት ፊደል ላይ የመገናኘታቸው ዕድል በጣም ያንሳል። ስለዚህ ለአማርኛ የሚስማማው በእንግሊዝ ጋዜጦች የተለመደው፣ ጥቁር ሳጥን የበዛበትና ከእያንዳንዱ ቃል ግማሽ ያህሉ ፊደል ብቻ የሚቆረጥበት አቀማመጥ ነው።

ጥቁሮቹን ሳጥኖች አስቀድመው አይሳሉ። በመጀመሪያ የጭብጥ ቃላቱ በየትኛው ፊደል እንደሚገናኙ ይዘርዝሩ። የእኛዎቹን ስመለከት አካባቢና አሸማጋይ በ«አ»፣ አሸማጋይና ተጋቢዎች በ«ጋ»፣ አካባቢና ተጋቢዎች በ«ቢ» ይገናኛሉ። ስኮትላንድ ከሦስቱም ጋር የሚጋራው ፊደል የለውም፤ በሌላ ቃል ድልድይ መታሰር አለበት።

ሥራውን በዚህ ቅደም ተከተል ይከውኑ። «አካባቢ»ን ወደ ጎን ይጻፉ። ከ«አ» ላይ «አሸማጋይ»ን ወደ ታች ያውርዱ። በ«ጋ» ላይ «ተጋቢዎች»ን ወደ ጎን ያሳልፉ። አሁን በቀኝ በኩል ከላይ «ቢ»፣ ከታች «ች» ሆኖ በመካከላቸው ሁለት ባዶ ሳጥን ይቀራል፤ «ቢሮዎች» ልክ ይገባበታል። ከዚያ ከ«አካባቢ» «ባ» ወደ ላይ ይመልከቱ። በ«ባ» የሚያልቅ፣ በስኮትላንድ ፊደል የሚጀምር ባለ ሦስት ፊደል ቃል ያስፈልጋል፤ «ላምባ» ይህን ያሟላል። ውጤቱ ይህ ነው፦

ስ ኮ ት ላ ን ድ
■ ■ ■ ም ■ ■
■ አ ካ ባ ቢ ■
■ ሸ ■ ■ ሮ ■
■ ማ ■ ■ ዎ ■
ተ ጋ ቢ ዎ ች ■
■ ይ ■ ■ ■ ■

ሁለት ጉድለት እንዳለው ልደብቅዎ አልፈልግም። አንደኛ፣ «ተጋቢዎች»ና «ቢሮዎች» ሁለቱም በብዙ ቁጥር ምልክት አልቀው በዚያው ምልክት ላይ ይገናኛሉ፤ ፈቺው አንዱን ብዙ ቁጥር መሆኑን ካወቀ የሌላውን መጨረሻ በነጻ ያገኛል። በአንድ ጨዋታ አንድ ጊዜ ይታለፋል፤ ሁለት ጊዜ ግን ስንፍና ነው። ሁለተኛ፣ «ስኮትላንድ» ከስድስት ፊደሉ የተቆረጠው «ላ» ብቻ ነው። ሠንጠረዡን በጎንም በቁመትም 13 ሳጥን አድርገው ማስፋት ከቻሉ፣ ከላይ ቃላት ያንጠልጥሉበት፦ በ«ት» ላይ የሚያርፍ «እሳት»፣ በ«ድ» ላይ የሚያርፍ «መንገድ»፣ በ«ስ» ላይ ደግሞ ቁልፉ ራሱ፤ «የውስጥ ልብስ» በ«ስ» ስለሚያልቅ ስድስት ረድፍ ወደ ላይ ወጥቶ ልክ ይቀመጣል። በትንሹ ሠንጠረዥ ግን ቁልፉን ከሥር በሰባት ባዶ ሳጥኖች ለብቻው ያስቀምጡት።

ባዶ ቦታ ሲሞሉ የሚፈትንዎ ነገር ቅጥያ ነው። አማርኛ «በ»፣ «ከ»፣ «የ»፣ «ለ» ከፊት፣ «ን»፣ «ም»፣ «ው» ከኋላ ስለሚቀጥል ማንኛውንም ቃል በግድ ማስረዘም ይቻላል። «ከቢሮም» ዓይነት መልስ ግን ፈቺ አይገምትም፤ ቢያገኘውም አይደሰትም። ቃሉ በመዝገበ ቃላት በሚገኝበት መልኩ፣ ቢበዛ በብዙ ቁጥር ይቀመጥ። ከቅጥያ ይልቅ መጨረሻቸው ሳድስ የሆኑ ቃላትን፣ በተለይ በት፣ በን፣ በር፣ በልና በስ የሚያልቁትን ይፈልጉ፤ ብዙ ስለሆኑ ለመገናኛ ያመቻሉ።

7. ፍንጮቹን ይጻፉ

ሠንጠረዡ አጥንት ነው፤ ሰው የሚያስታውሰው ፍንጩን ነው። ጭብጣችን የውጭ ገጽታ ስለሆነ ፍንጮቹም ገጽታ ሊኖራቸው ይገባል፤ ሲነበቡ አንድ ነገር መስለው፣ መልሱ ሲገኝ ሌላ ሆነው መገኘት አለባቸው። ሕጉ ግን ጥብቅ ነው። ፍንጩ ማሳሳት ይችላል፣ መዋሸት አይችልም። መልሱ ከታወቀ በኋላ እያንዳንዱ ቃል እውነት ሆኖ መገኘት አለበት፤ አለዚያ ፈቺው ተሸነፍኩ ሳይሆን ተጭበረበርኩ ይላል፤ ሁለተኛም አይመለስም።

አማርኛ ለዚህ ሥራ የሚሰጥዎ መሣሪያ ብዙ ነው። ከሁሉ የሚቀለው ጠብቆና ላልቶ መነበብ ነው። ጽሕፈታችን ጥብቀትን ስለማያሳይ «ገና»፣ «ዋና»፣ «ሽፍታ»፣ «ሰፊ» በወረቀት ላይ ሁለት ፊት አላቸው። «ሽፍታ ያጋጠመው» የሚል ፍንጭ ያነበበ ሰው ጫካ ውስጥ ይገባል፤ መልሱ ግን «ቆዳ» ሊሆን ይችላል። ይህን ዘዴ ለመፈተሽ ፍንጩን ጮክ ብለው ሁለት ጊዜ ያንብቡ፤ አንድ ጊዜ አጥብቀው፣ አንድ ጊዜ አላልተው። በሁለቱም ንባብ ዓረፍተ ነገሩ ትርጉም ከሰጠ ተሳክቷል። በአንዱ ንባብ ብቻ ትርጉም የሚሰጥ ከሆነ ፈቺው ሌላውን ንባብ ፈጽሞ አይሞክረውም፤ ወይም ወዲያው ይነቃል።

ሁለተኛው መሣሪያ ግስ የሆኑ የሰው ስሞች ናቸው። «አበበ» ተብሎ ብቻውን ቢጻፍ ፈቺው የትኛው አበበ ብሎ ያስባል፤ መልሱ «ፈካ» ነው። ሦስተኛው ፈሊጥ ነው። «እጅ ነሳ» ሲነበብ እርዳታ የከለከለ ይመስላል፤ መልሱ «ሰገደ» ይሆናል። አራተኛው ግዑዙን ነገር እንደ ሰው ማናገር ነው፤ ላምባን «ኩራዝ የሚጠጣው» ማለት ከዚህ ይመደባል።

አሁን የምሳሌያችንን ፍንጮች እንጻፍ።

ለ«አካባቢ»፦ «ጥበቃ ያስፈልገዋል፤ ዘበኛ ግን አይቀጠርለትም።» አንባቢው መጋዘን ወይም ባንክ ያስባል። «የአካባቢ ጥበቃ» የሚለው የተለመደ አነጋገር ግን ፍንጩን እውነት ያደርገዋል።

ለ«አሸማጋይ»፦ «በሰው ጠብ መሃል የሚገባ።» ላዩን ሲያዩት ነገረኛ ነው፤ ውስጡ አስታራቂ።

ለ«ተጋቢዎች» መጀመሪያ የጻፍኩት «ቀለበት ለዋጮች» የሚል ነበር። ሲነበብ በየሰፈሩ «ልዋጭ!» እያሉ የሚዞሩትን ስለሚያስመስል ደስ ብሎኝ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ለዋጭ ማለት አንዱን ሰጥቶ ሌላ ዓይነት ዕቃ የሚወስድ ነው፤ ተጋቢዎች አንዱ ለሌላው ቀለበት ያጠልቃሉ እንጂ ዕቃ አይለውጡም። ያ ውሸት ነበር። «ቀለበት ተለዋዋጮች» ብዬ አረምኩት፤ ገበያው ትንሽ ደበዘዘ፣ እውነቱ ግን ተስተካከለ።

ለ«ቢሮዎች»፦ «ነገ ኑ የሚባልባቸው።»

ለ«ስኮትላንድ» «ወንዶቿ ጉርድ የሚያጠልቁባት» ብዬ ለመጻፍ በጣም ተፈትኜ ነበር። ይህ ግን ልብስን ገና በመጀመሪያው መስመር አውጥቶ ይናገራልና ተውኩት፤ በምትኩ «ዋና ከተማዋ ኤዲንብራ ነው» ብዬ ያለ ምንም ሽፋን ጻፍኩ። እንዲህ ያለ ግልጽ ፍንጭ በየጨዋታው ቢያንስ አንድ ያስፈልጋል፤ ፈቺው የሚገባበት በር ነውና። በሩንም ብዙ ፊደል በማይቆረጥበት ቃል ላይ ማድረግ ይገባል፤ ከሌሎች መልሶች እርዳታ የማያገኘው ቃል እርሱ ነውና።

ለቁልፉ፦ «ከላይ ለሚያይ አይታይም፤ በ1፣ በ3 (በሁለቱም አቅጣጫ) እና በ5 ግን አለ (4፣ 3)።» በቅንፍ ያሉት ቁጥሮች ቃሉ ሁለት መሆኑንና የየቃሉን የፊደል ብዛት ይናገራሉ። እነርሱን መተው ማሳሳት ሳይሆን መዋሸት ነው የምለው፣ ሰባት ፊደል ያለው አንድ ቃል የሚፈልግ ሰው ሁለት ቃል እንዲሞክር ምንም ነገር ስለማይነግረው ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ የፍንጩና የመልሱ ሰዋስው አንድ ይሁን። መልሱ ብዙ ቁጥር ከሆነ ፍንጩም ብዙ ይሁን፤ መልሱ ያለፈ ጊዜ ግስ ከሆነ ፍንጩም እንደዚሁ፤ ተባዕትና አንስትም ይጠበቁ። ፈቺው ትርጉሙን ባያምንዎ እንኳ ሰዋስውን እንዲያምን መፍቀድ አለብዎ፤ ሌላ የሚይዘው ነገር የለውምና።

8. ቁጥር ይስጡ

ከላይ ግራ ጀምረው ረድፍ በረድፍ ወደ ቀኝ ይሂዱ፤ ቃል በሚጀምርበት ሳጥን ሁሉ ላይ ቁጥር ያስቀምጡ። ከአንድ ሳጥን ሁለት ቃል ከተነሣ ቁጥሩ አንድ ነው። በምሳሌያችን ወደ ጎን 1 ስኮትላንድ፣ 3 አካባቢ፣ 5 ተጋቢዎች ይሆናሉ፤ ወደ ታች 2 ላምባ፣ 3 አሸማጋይ፣ 4 ቢሮዎች። ሠንጠረዡ ላይ አንድ ሳጥን ከቀየሩ ቁጥሩን እንደ አዲስ ይስጡ፤ በቁልፉ ፍንጭ ውስጥ የጠቀሷቸውን ቁጥሮች ማረምም አይርሱ። የሚረሳው ሁልጊዜ ይኸኛው ነው።

9. ለሁለት ሰዎች ሰጥተው ዝም ብለው ይመልከቱ

አንዱ በዕድሜ ገፋ ያለ፣ ሌላው ወጣት ቢሆን ይመረጣል፤ ፈሊጡን አንዱ፣ የውጭውን ስም ሌላው ስለሚያውቅ የትኛው ፍንጭ ለማን እንደሚዘጋ ይታያል። ሲፈቱ አይናገሩ፣ ፊትዎንም አያሳዩ። እርሳሳቸው የት እንደቆመና የት እንደፋቀ ብቻ ማስታወሻ ይያዙ።

ይህን ምሳሌ መጀመሪያ የሞከረችልኝ አክስቴ ነበረች። ያኔ የ3 ወደ ታች ፍንጭ «በጠብ መሃል የሚገባው» የሚል ነበር። እርሷም አምስቱን ሳጥን ቆጥራ «ሽማግሌው» ብላ በእስክሪብቶ ሞላችው። ልክ አምስት ፊደል ነው፤ ትርጉሙም ሰዋስውም ገጥሟል። ከዚያ 3 ወደ ጎን በ«ሽ» የሚጀምር ሰፈር ስትፈልግ ቡናው ቀዘቀዘ። ጥፋቱ የእርሷ አልነበረም፤ ፍንጩ መጨረሻ ላይ ያለችው «ው» «ሽማግሌው»ን ፈቅዳላታለች። «ው»ን አንሥቼ «በሰው ጠብ መሃል የሚገባ» ሳደርገው ባለ አራት ፊደሉ «ሽማግሌ» ከአምስቱ ሳጥን ጋር አልገጥም ስላለ መንገዱ ተዘጋ። ከአንድ በላይ ትክክለኛ መልስ ያለው ፍንጭ በራስዎ ዓይን ፈጽሞ አይታይም፤ እርስዎ መልሱን አስቀድመው ያውቁታልና።

ፈቺው ሠንጠረዡን ሞልቶ ቁልፉን ካጣው፣ ወይም ቁልፉን አግኝቶ «እና ምንድን ነው?» ካለ፣ ችግሩ ያለው ብዙውን ጊዜ በ3ኛው ደረጃ ነው፤ አንዱ የጭብጥ ቃል ሕጉን ጥሷል። ተመልሰው ያጥሩ እንጂ በቁልፉ ፍንጭ ላይ ማብራሪያ አይጨምሩ።

ሌሎች የተለመዱ ስህተቶች

ሁለት ጭብጥ ማደባለቅ። ከዚሁ ጋር የሚቀራረብ ሌላ ጥሩ ጭብጥ አለ፤ የቃሉ የመጀመሪያና የመጨረሻ ፊደል ሲጋጠሙ ሽፋን የሚሆኑበት ነው። «ሰላም» ከውጭ «ሰም» ነው፤ «ፊደላት» ከውጭ «ፊት» ነው፤ «ኮንትራት»ና «ኮንሰርት» ሁለቱም «ኮት» ለብሰዋል። ይህ ራሱን የቻለ ጨዋታ ይወጣዋል። ከላይኛው ጋር በአንድ ሠንጠረዥ ከተደባለቀ ግን ፈቺው ውስጥ ይፈልግ ወይስ ውጭ፣ አያውቅም።

በርዕሱ ላይ ጭብጡን መናገር። ጨዋታውን «የተደበቁ ልብሶች» ብለው ከሰየሙት ቁልፉ ሥራ ይፈታል። ርዕስ ካስፈለገ «ገባ ብለው ይዩ» ዓይነት፣ ከተፈታ በኋላ ብቻ የሚገባ ይሁን።

የተደበቀውን በመልሱ ገጽ ላይ አለማሳየት። በሚቀጥለው እትም መልሱን ሲያወጡ በአካባቢ ውስጥ «ካባ»ን፣ በአሸማጋይ ውስጥ «ሸማ»ን፣ በተጋቢዎች ውስጥ «ጋቢ»ን፣ በስኮትላንድ ውስጥ «ኮት»ን በደማቅ ፊደል ወይም በክብ ያመልክቱ። ሠንጠረዡን ሞልቶ ጭብጡን ያልነቃበት ፈቺ ሁልጊዜ ይኖራል፤ የሚቀጥለውን ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ምን መፈለግ እንዳለበት የሚማረው ከዚያ ገጽ ነው።